ከስምንተኛው እርምጃ በኋላ

ጉልቤ የጓሮውን በር ለሦስተኛ ጊዜ በእርግጫ ሲለው የታችኛው ሳንቃ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ወደቀ። በቀዳዳው ጫማውን አየሁት፤ አፍንጫው ላይ ብረት ያለው የሥራ ጫማ ነው። ቅዳሜ ነው፣ ቀትር ላይ። ሥጋ ቤቴ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። አንዷ የጠቀለልኩላትን ጥላ ወጣች፣ ሌላው ይዞ ወጣ።

«ሚስቴን አምጡ!» ይላል ከውጭ። «አምጡ፣ አለበለዚያ ሁለታችሁንም እንደ ሥጋችሁ ነው የምሰቅላችሁ!»

ሚስቴ የሚላት ታናሽ እህቴን ነው። ጉልቤ ያለው ሰፈሩ ነው፤ እናቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው ሰው የለም። ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነው፤ ማቀዝቀዣ ብቻውን ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። በዚያው ክንዱ ነው እህቴን የሚመታት። ከሦስት ወር በፊት አንገቷ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ፣ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ ታቅፋ ወደ እኔ መጣች። ከሥጋ ቤቱ ኋላ ሁለት ክፍል አለኝ፤ አንዱን ለቀቅኩላት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጉልቤም ይመጣል።

የአጥንት መጥረቢያዬን ይዤ ሮጥኩ። ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው ሲገባ ጠብቄ አናቱን ማለት ነበረብኝ። እህቴ መሃል ገባች።

«ተይ እታለም! ተይው፣ ይሂድ!»

«የት ነው የሚሄደው? እየገባ እኮ ነው!»

እኔና እሷ ስንጓተት ገባ። አፌን በቡጢ አለኝ። መደርደሪያው ሥር ወደቅኩ፤ ስነሳ የመጥረቢያውን ጀርባ ክርኑ ላይ አሳረፍኩለት። እንደ በሬ አጓራ። ፀጉሬን ጨምድዶ ግንባሬን ከግድግዳው ጋር አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አጋጨው። ሦስተኛው ላይ እህቴ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ዓይኑ ሥር ደቀነችለት።

«ይኸው። ውሰደውና ሂድልን።»

ፀጉሬን ለቀቀ። ስልኩን አገላብጦ አየው።

«ቻርጀሩስ?» አለ።

ሰጠችው። ሄደ። ሲሄድ የወደቀውን ሳንቃ ረግጦ ለሁለት ከፈለው።

ጥርሴን ከምላሴ ላይ አንስቼ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። ሚዛኑ ዜሮ አለ። እንደዚያ የሚያም ነገር ምንም አይመዝንም።

«ደም እየፈሰሰሽ ነው እታለም» አለች እህቴ።

«አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ምን ነበር የሰጠሽው?»

«ጃኬቴን።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«የጆሮ ጌጤን። ተይኝ እንግዲህ።»

«የሚመጣው ቅዳሜስ?»

ፖሊስ ጋ ሁለት ጊዜ ሄደናል፤ አንድ ቀን አሳድረው ለቀቁት፣ ሲለቁት ይበልጥ ተናዶ መጣ። ስለዚህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ትሰጠዋለች፤ እሱም ያንን ይዞ ይሄዳል።

የእህቴን ሥራ ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ የኋላው ነገር አይገባችሁም። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ እሷ ግን እስከ ጥግ ተምራለች። የስልክ ጨዋታ የሚያመርት ድርጅት ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ሥሪልን ብሏታል። የምትሠራው የማቀዝቀዣ ክፍሉን ግድግዳ ተደግፋ ነው። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፣ ሲግል ይጠፋል፤ ሥጋዬን የሚያቀዘቅዘው ግድግዳ ለእሱም ይበጀዋል። ፕሮግራሟን ሙጭጭ ብላታለች። ልጆች ሳለን እኔን ነበር እንደዚያ የምትለኝ፣ አንድ ነገር ከያዝኩ ስለማልለቅ።

እኔ የሚመስለኝ ኮምፒውተር ሁሉንም እስከ መጨረሻው የሚያይ ነበር።

«እስከ መጨረሻው ማንም አያይም» አለችኝ። «አንቺ ሠላሳ ምርጫ አለሽ እንበል። ለእያንዳንዱ እሱ ሠላሳ መልስ አለው። ለመልሱ ደግሞ አንቺ ሌላ ሠላሳ። አምስተኛው እርምጃ ላይ ስትደርሺ ሚሊዮኖች ናቸው። ሙጭጭ ደግሞ ያላት ሦስት ሰከንድ ነው፤ ያውም ርካሽ ስልክ ላይ።»

«ታዲያ የት ላይ እንደምታቆም በምን ታውቃለች?»

«እሱን እኮ ነው የምሠራው። መጀመሪያ አንድ እርምጃ ብቻ ታያለች። ከዚያ እንደገና ከሀ ጀምራ ሁለት ታያለች። እንደገና ሦስት። ሰዓቷ ሲያልቅ፣ በጨረሰችው ደረጃ ይሻላል ያለችውን ትጫወታለች።»

«እንደገና ከሀ? ጅል ናት እንዴ?»

«እንዳንቺ ናት። ባለፈው ያየችው የቱን አስቀድማ መፈተሽ እንዳለባት ይነግራታል። የማይረባውን ቶሎ ትጥለዋለች።»

ይሄ ገባኝ። እኔም ሥጋ ስበልት መጀመሪያ ሙሉውን እዞረዋለሁ፣ ከዚያ ጎኑን፣ ከዚያ መገጣጠሚያውን አያለሁ።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ሰኞ ዕለት አፌ እንዳበጠ አጠገቧ ተቀምጬ ጨዋታ አየሁ። ሙጭጭ ከሌላ ፕሮግራም ጋር ትጫወታለች። ደህና ስትጫወት ቆየችና ድንገት ወታደሮቿን መበተን ጀመረች። አንዱን ወደፊት ገፋችው፣ ተበላ። ሌላውን ገፋች፣ ተበላ።

«ምን ነካት ይቺ ልጅ? ዝም ብላ ሰጠችው እኮ! ይኸው ሌላም ደገመች!»

እህቴ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «ንግሥቷ ተከባለች። ማምለጫ የላትም፤ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ትበላለች። ሙጭጭ ግን በሰዓቷ እስከ ስምንት ነው የምታየው። ወታደር ስትወረውርለት ያኛው እሱን ሲበላ ይቆያል፣ የንግሥቷም መበላት ወደ አሥር ይገፋል። አሥርን አታየውም። ስለዚህ ዳንኩ ትላለች።»

«አልዳነችም።»

«አልዳነችም። ወታደሮቿን ትጨርስና ንግሥቷም ትበላባታለች።»

እጄን ሰድጄ ጆሮዋን ነካሁት። ጌጥ የነበረበት ቀዳዳ ባዶ ነው።

ኩባያውን አንስታ ወረወረችው። ጆሮዬን ስቶ ግድግዳው ላይ ተፈረካከሰ።

«እኔን ከማሽን ጋር አታወዳድሪኝ! አንቺ ምን ልታደርጊ ነው? ንገሪኛ!»

«ቅዳሜ ሲመጣ እፈልጠዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞተ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… ይቀበራል።»

«ከዚያስ እታለም? አንቺ ዕድሜ ልክሽን ስትታሰሪ፣ እኔ ወንድሞቹ ሲመጡብኝ፣ ከዚያስ? እኔ ስምንት አያለሁ፣ አንቺ አንድ!»

ተናደድኩ። እውነቷን ስለነበረ ነው የተናደድኩት። ስብርባሪውን እየጠረግኩ ግን ዝም አላልኩም፤ ዝም ማለት አልችልበትም።

«ስሚኝ» አልኳት። «እኔ አጥንት ስቆርጥ መሃል ላይ አላቆምም። መሃል ላይ አቁሜ ስንት ቀረኝ ብል ይሰነጠቅና ስንጥሩ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ካልጀመርኩ አልጀመርኩም፤ ከጀመርኩ እስከ መጨረሻው ነው። ያቺ ልጅ እየተበላሉ ሳለ መሃል ላይ ለምን ታቆማለች? ስምንት ስለሞላ? ደሙ እስኪቆም ለምን አትቆጥርም?»

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«እሱ እኮ የታወቀ ነገር ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠሩት። መብላት ካለ፣ ንጉሡ ላይ ቼክ ካለ፣ ጸጥ እስኪል ድረስ መቀጠል ነው። እኔ ነኝ ሰዓት ይበላል ብዬ ያወጣሁት።»

«መልሺዋ!»

መለሰችው። ሁለት ቀን ፈጀባት። ረቡዕ ጠዋት ሙጭጭ ንግሥቷን ከሩቅ አይታ አወጣቻት፣ ወታደሮቿም በቦታቸው ቆሙ። እህቴ ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

«ሰዓቱን ከየት አመጣሽላት?» አልኳት።

«ጸጥ ካሉት። ማንንም የማይበሉ፣ ቼክ የማይሉ፣ ተርታ እርምጃዎች አሉ አይደል? እነሱን በግማሽ ጥልቀት ብቻ ታያቸዋለች። ብዙ ጊዜ ምንም የለባቸውም።»

«ብዙ ጊዜ?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ተንኮሉ እዚያ ውስጥ ቢሆንስ?»

«ሁሉንም ማየት አይቻልም እታለም፣ ነገርኩሽ። ሌላም ጨምሬላታለሁ፤ አንድ ደረጃ በጨመረች ቁጥር ሐሳቧ ከተቀያየረ፣ ሦስተኛው ላይ ይሄ፣ አራተኛው ላይ ያ ካለች፣ ነገሩ ከብዷታል ማለት ነው። ያኔ ሰዓት ይጨመርላታል። ካልተቀያየረ ቶሎ ትጫወታለች።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የጉልቤ እናት መጡ። ሻርፓቸውን አገጫቸው ሥር አጥብቀው አስረው፣ ከሚዛኑ ፊት ቆሙ።

«ይግቡ እማማ» አልኳቸው። እናትን ባሳደገችው ልጅ አልጠላም።

«አልገባም ልጄ። መልእክት ነው ያለኝ። ተጸጽቷል። ነገ ይመጣል፤ የሰበረውን በር ራሱ ይሠራል። አንድ ጊዜ ስሙት።»

«እርስዎ እመኑት ይሉናል?»

እኔ አጥንት እየከሰከስኩ ነበር። መጥረቢያዬ የመክተፊያውን ግንድ በመታ ቁጥር ትከሻቸው ብድግ ይላል። ሻርፓቸውን ሊያስተካክሉ ቀኝ እጃቸውን ሲያነሱ ክንዳቸው ጠማማ እንደሆነ አየሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አጥንት ስቆርጥ ኖሬያለሁ፤ ተሰብሮ ሳይታሽ የገጠመ አጥንት አይጠፋኝም። አየሁ፣ አልጠየቅኩም። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

«ልጄ ነው» አሉና ሄዱ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ጉልቤ መጣ። ተላጭቷል። አዲስ ሳንቃ በብብቱ፣ ምስማር በላስቲክ፣ መዶሻ በእጁ ይዟል። በፊት ለፊት በር ነው የገባው፣ እንደ ደንበኛ።

«እንደምን አደሩ እትዬ» አለኝ። በሕይወቱ አንቱ ብሎኝ አያውቅም። «ለጥርስዎ ይቅርታ። በሩን ሠርቼ እሄዳለሁ።»

«ሥራና ሂድ። እሷ ጋ እንዳትደርስ።»

«እሺ እትዬ።»

እህቴ በክፍሏ በር አንገቷን አውጥታ አየችው። ጎንበስ ብሎ የተሰበረውን ሳንቃ እየነቀለ ነበር። አልጮኸም፣ አልተሳደበም፣ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። እህቴ ወደ እኔ ዞራ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ሰው ነው፣ ይለወጥ ይሆናል የሚል ነገር። ወደ ላፕቶፗ ተመለሰች። እኔም ቢላዬን ወገቤ ላይ ወዳለው አፎት መልሼ ወደ መደብሬ ዞርኩ። ቅዳሜ ሲመጣ መጥረቢያ ይዤ ነበር የምጠብቀው። ሐሙስ መዶሻ ይዞ ሲገባ መንገድ ለቀቅኩለት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሠራ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል ከኋላ። ጆሮዬ ለመደው።

አንዲት ወፍራም ደንበኛ መጣች፤ የጭን አጥንት በስድስት ይቆረጥልኝ አለች። የኤሌክትሪክ መጋዙን አስነሳሁ። መጋዙ ሲጮህ ሌላ ነገር አይሰማም። አንዱን ቆርጬ ሳቆም ቋ ይላል። ሁለተኛውን ቆርጬ ሳቆም ቋ ይላል። አራተኛውን ቆርጬ ሳቆም ድምፁ ሌላ ነበር። ሳንቃ ሲመታ ድምፁ ክፍት ነው። ይሄኛው ደፈን ያለ፣ እርጥብ ነው። ልቤ አውቆታል። እጄ ግን አምስተኛውን አስገብቶ መጋዙ አጥንቱ መሃል ደርሶ ነበር።

ጨረስኩት። መሃል ላይ አላቆምም ብዬ ጨረስኩት። ስምንት ሰከንድ ይሆናል። ስለ ሌላው ሁሉ ይቅር እላለሁ፣ ለዚያ ስምንት ሰከንድ ግን ራሴን ይቅር አላልኩም።

ስገባ በሩ አምሮበት ተሠርቷል። እህቴ ወንበሯ ላይ ናት። የእኔን ሽርጥ አፏ ውስጥ ጠቅጥቆባታል። የግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ አጣብቆ ይዞታል፤ ላፕቶፑ ለሁለት ተከፍሎ መሬት ላይ ነው። ጣቶቿ ጣት አይመስሉም ነበር።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ ትሰጪኛለሽ» ይላታል፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ዛሬ አልመለስም አልሽኝ። እሺ። እጅሽን ስጪኝና አትመለሺ። ከዚያ ጭንቅላትሽን።»

መዶሻውን አነሳ። ዘልዬ ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ። እንደ ፎጣ አራግፎ ጣለኝና መዶሻውን ወደ እኔ አዞረው። አንገቴ ሥር ያለው አጥንት ሲሰበር ሰማሁት፤ በጆሮዬ ሳይሆን በጥርሴ ነው የሰማሁት። ወደ ኋላ ስንገዳገድ ጀርባዬ የማቀዝቀዣ ክፍሉን በር በረገደው። ደህና በሆነው እጄ ያገኘሁትን ጨበጥኩ። የበረደ የፊት ቅልጥም ነበር፣ ድንጋይ የሆነ። ተከትሎኝ ሲገባ ፊቱን አልኩት።

አፍንጫው ጠፍጥፎ ቀረ። ደገምኩት። ጉንጩ ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ጆሮው ላይ ሲያርፍ በግንባሩ ተደፋ። መዶሻው ተንሸራቶ መደርደሪያው ሥር ገባ።

ቅልጥሙን ጥዬ ቢላዬን መዘዝኩ። ጀርባው ላይ በጉልበቴ ወጣሁበት።

ቆጠርኩ። እህቴ ያስተማረችኝን ነው የቆጠርኩት።

አንድ እርምጃ፤ ማጅራቱን ልቁረጠው። ይሞታል። ደስ ይበለኝ። ሁለት እርምጃ፤ ይሞታል፣ እኔ ዕድሜ ልኬን እታሰራለሁ፣ እህቴ በአንድ እጇ ብቻዋን ትቀራለች። አይሆንም፣ ልተወው። ሦስት፤ ልተወው፣ ፖሊስ ይምጣ፣ ሁለት ዓመት ይሰጡት፣ ይፈታ፣ እንደገና ይምጣ። አይሆንም፣ ልቁረጠው። ሐሳቤ በየደረጃው ተቀያየረ። እንደዚያ ከሆነ ሰዓት ይጨመርላታል ብላኝ ነበር። ለእኔ ማን ይጨምርልኛል? ከሥሬ ይንቀሳቀሳል። ክርኖቹን መሬት ላይ ተከለ። ሊነሳ ነው።

እግሩን ሲያጥፍ ሱሪው ተሰበሰበ፤ ከጫማው አፍ በላይ ቋንጃው እንደ ገመድ ተወጠረ። በቀን ስንት እግር ነው የምበልተው? ያንን ጅማት ዓይኔን ጨፍኜም አገኘዋለሁ።

ቀኙን ቆረጥኩት። ተስቦ የኖረ ላስቲክ ሲበጠስ እንደሚለው ድው አለና ወደ ባቱ ሸሸ። ጉልቤ እናቱን ተጣራ። ዳግመኛ እንዳይጋጠም ከላይ አንድ ጣት ያህሉን ቆርጬ አወጣሁት። ልነሳ ስል ከዚያስ አልኩ፤ በክራንች ይመጣል። ተመልሼ ግራውንም ቆረጥኩት።

ያቺ ወፍራም ደንበኛ በሩ ላይ አፏን ከፍታ ቆማለች።

«ፖሊስ ጥሪ» አልኳት። «አጥንትሽ ሚዛኑ ላይ ነው።»

ሽርጡን ከእህቴ አፍ አወጣሁላት። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ በጣም ቀስ ብላ «ከዚያስ እታለም?» አለችኝ።

«ከዚያማ አይመጣም።»

ፍርድ ቤት የቀረብነው ከአምስት ወር በኋላ ነው። እሱ በተሽከርካሪ ወንበር፣ እኔ በካቴና። ጠበቃዬ ደንግጬ ነው በይ ብሎኝ ነበር። አልደነገጥኩም፣ ስለዚህ አላልኩም።

«ወድቆ ነበር?» አለኝ ዐቃቤ ሕጉ።

«ወድቆ ነበር።»

«መዶሻው እጁ ላይ ነበር?»

«አልነበረም። መደርደሪያው ሥር ገብቷል።»

«ታዲያ ለምን ቆረጥሽው?»

«ይነሳ ነበራ።»

«እሺ፣ አንዱ አይበቃም ነበር?»

«በክራንች ይመጣ ነበራ።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፣ ዳኛው በመዶሻቸው ጠረጴዛውን መቱ። እህቴ ያንን ድምፅ ስትሰማ ወንበሯ ላይ ተኮማተረች።

አራት ዓመት ፈረዱብኝ። በእሱ ሦስት ፈረዱበት፣ ግን መንቀሳቀስ አይችልምና እቤቱ ሆኖ ይታከም ብለው ለቀቁት። እስር ቤት ደህና ነው። ወጥ ቤት መደቡኝ፤ ቢላ ግን አይሰጡኝም፣ ድንች በማንኪያ እፍቃለሁ። እህቴ በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች። ከግራ እጇ ሁለት ጣት አይታጠፍም፤ በቀሩት ትጽፋለች። ሥጋ ቤቱን አከራይታ በእኔው ክፍሎች ውስጥ ትኖራለች። ሙጭጭን ከሀ ጀምራ እንደገና ሠራቻት። ጸጥ ያሉትን እርምጃዎችስ ብዬ ጠየቅኳት።

«አሁንም በግማሽ ነው የምታያቸው» አለችኝ። «ሌላ መንገድ የለም። ግን አንዱ ትንሽ ካጠራጠራት ተመልሳ እስከ ጥግ ታየዋለች።»

እሷን አድኛለሁ። ያንን ቆጥሬ ነበር፣ እስከዚያ ድረስ ልክ ነበርኩ።

ባለፈው እሑድ ጠያቂ አለሽ ሲሉኝ እህቴ መስላኝ ወጣሁ። የጉልቤ እናት ናቸው። ሊራገሙኝ ነው ብዬ አንገቴን አቀረቀርኩ፤ እርግማናቸው ይገባኛል። እሳቸው ግን ሻርፓቸውን ፈትተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ግንባራቸው ከፀጉራቸው መስመር እስከ ቅንድባቸው ተተርትሮ ተሰፍቷል። ክሩ ገና አልወጣም።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩ።

«ብርጭቆ» አሉ። «መራመድ አይችልም። መወርወር ግን ይችላል።»

እቤቱ ሆኖ ይታከም ሲሉ ቤቱ የማን ቤት እንደሆነ አንድ ቀን አላሰብኩም። የሚያበላው፣ የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበው ማን እንደሆነ አልቆጠርኩም። ከእህቴ ላይ ገፍቼ ከእኔ ዓይን ውጪ አደረግኩት እንጂ አልጨረስኩትም። እሳቸው ሚዛኔ ፊት ቆመው፣ ክንዳቸውን እያየሁት ነው ያለፍኳቸው።

«ክንድዎን ማን ነው የሰበረው?» አልኳቸው። ያኔ ልጠይቅ ይገባኝ የነበረውን።

«የግራውን አባቱ» አሉ። ግራውም ጠማማ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «ቀኙን እሱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።»

«ሐሙስ ይመጣል ብለው የነገሩን ጊዜ ያውቁ ነበር?»

«መዶሻውን አላወቅኩም። ልጄን ግን አውቀው ነበር። ካልነገርሽልኝ ወዮልሽ አለኝ።» ጠማማውን ክንድ በሌላው ጠማማ ያዙት። «ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

ጠባቂዋ አምስት ደቂቃ ቀራችሁ አለችን። አምስት ደቂቃ ብዙ ነው። ሙጭጭ ያላት ሦስት ሰከንድ ነው።

«ይስሙኝ እማማ» አልኳቸው። «ከዚህ ሲወጡ ወደ ቤትዎ አይሂዱ። እህቴ ጋ ይሂዱ። የእኔ ክፍል ባዶ ነው፣ አልጋም አለው። እታለም ልካኝ ነው ይበሏት።»

«የእህትሽን እጅ ልጄ ሰብሮት? በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«በዚያው ዓይንዎ። ግንባርዎን ስታይ ሌላ አትጠይቅዎትም።»

«እሱንስ ማን ያበላዋል?»

«ወንድሞቹ። ወይ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ወይ እጁ ለመወርወር ከደረሰ ለመጉረስም ይደርሳል።»

ሻርፓቸውን እንደገና ማሰር ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ቋጠሮው ተፈታባቸው። ብድግ ብለው በሩ ጋ ደረሱና ድንገት ትዝ እንዳላቸው ሰው ዞሩ። ፊታቸው አመድ ሆኗል።

«ተከትሎኝ ቢመጣስ ልጄ?»

«በየትኛው እግሩ?» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ያ የተሰፋ ግንባር ተሸበሸበና ሳቁ፤ ክሩ እንዳይበጠስባቸው በጠማማው እጃቸው ግንባራቸውን ደግፈው ሳቁ። ጠባቂዋ ምን እንደተባለ ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም።